ከነጎድጓድ ደመና አናት የሚወጣው የበረዶ ብናኝ ጭራ፦ ሳተላይት የሚያየው ምልክትና ለመርካቶ የሚያስገኘው ጊዜ

በክረምት ወራት ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ በመርካቶ የሚገኝ ሰው ወደ ላይ ቢመለከት የሚያየው የደመናውን ሆድ ብቻ ነው። ከምናለሽ ተራ የቆርቆሮ ጣሪያዎች በላይ ጠቁሮ የሚታየው ደመና ከታች ሲታይ ከትናንቱ ብዙም የተለየ ላይመስል ይችላል። ልዩነቱ ያለው አናቱ ላይ ነው። አንድ የነጎድጓድ ደመና መጠነኛ ዝናብ ጥሎ የሚያልፍ ወይም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በረዶና ጎርፍ የሚያወርድ መሆኑን ከሚጠቁሙት ምልክቶች ብዙዎቹ የሚታዩት ከባሕር ጠለል በላይ በ16 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ ሲሆን፣ ከላይ ሆኖ የሚመለከታቸውም ሳተላይት ነው።

ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ከደመናው አናት ተነሥቶ በነፋስ የሚሳብ የበረዶ ብናኝ ጭራ ነው። ይህ ጽሑፍ ጭራው እንዴት እንደሚፈጠር፣ ከሳተላይት ምስል እንዴት እንደሚለይ፣ ለመርካቶ ነጋዴ፣ ተሸካሚና ገበያተኛ ምን ያህል ጊዜ ሊያስገኝ እንደሚችል እንዲሁም የትንበያ አገልግሎቱ ከየት እንደሚገኝ ያብራራል።

ደመናው ጣሪያውን ሲነካ

መርካቶ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ፀሐይ ረፋዱን ምድሩን ስታሞቀው እርጥበት ያዘለው አየር ወደ ላይ ይነሣል፤ በሰሜን በኩል ያለው የእንጦጦ ተራራም አየሩን ወደ ላይ በመግፋት ያግዘዋል። አየሩ ከፍ እያለ ሲሄድ ይቀዘቅዛል፣ ተኑ ወደ ውኃ ጠብታ፣ ከዚያም ወደ በረዶ ይለወጣል። በዚህ ለውጥ ወቅት የሚለቀቀው ሙቀት ደመናውን ይበልጥ ወደ ላይ ያንረዋል።

ይህ እድገት ግን ወሰን አለው። በኢትዮጵያ ሰማይ ከ16 እስከ 17 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሳይንቲስቶች ትሮፖፖዝ ብለው የሚጠሩት ድንበር ይገኛል። ከዚህ ድንበር በታች ከፍታ በጨመረ ቁጥር ቅዝቃዜው ይጨምራል፤ ከድንበሩ በላይ፣ ማለትም በስትራቶስፌር ውስጥ፣ ከፍታ ሲጨምር ሙቀቱ ይጨምራል። በመሆኑም እያደገ የመጣው ደመና ጣሪያ እንዳገኘ የማጀት ጢስ ወደ ጎን ይንጣለላል። ከሩቅ ሲታይ ብረት ቀጥቃጮች ከሚሠሩበት መስፍ ጋር ይመሳሰላል። በክረምት ወራት በዚህ ከፍታ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለሆነ፣ በመርካቶ ላይ የሚያዘንበው ደመና የላይኛው ንጣፍ ወደ ሆለታና ወደ አምቦ አቅጣጫ ሊሳብ ይችላል። በሳተላይት ምስል ላይ ነጭ ሆኖ የሚታይ ቦታ ሁሉ ዝናብ እየዘነበበት ነው ማለት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። በማኅበራዊ መገናኛ የሚዘዋወሩ የሳተላይት ምስሎችን የሚመለከቱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ወደ ላይ የሚወረወረው አየር እጅግ ጉልበት ሲኖረው ጣሪያውን ጥሶ ያልፋል። ከንጣፉ በላይ እንደ ጉልላት ብቅ ይልና ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ተመልሶ ይሰምጣል፤ ደመናው ብርቱ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉልላት በቦታው ይተካል። ጉልላቱ በቆመበት ከፍታ ፈጣን ነፋስ ካለ፣ ነፋሱ ወንዝ ውስጥ የቆመ ትልቅ ድንጋይ እንዳጋጠመው ውኃ ይሆናል፦ በላዩ ተንሸራቶ ወደ ማዶ ይወርዳል፣ ሲወርድ ይፈጥናል፣ ከዚያም በድንገት ተናውጦ ወደ ላይ ይዘላል። በዚህ ነውጥ የጉልላቱ ጫፍ ይገነጠልና የበረዶ ብናኙና የውኃ ተኑ ወደ ስትራቶስፌር ይረጫል። የበረዶ ብናኝ ጭራ የሚባለው ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ሞርጋን ኦኔልና የሥራ ባልደረቦቿ ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ይህን ሂደት በኮምፒዩተር አምሳያ አሳይቷል። በአምሳያው ውስጥ ከጉልላቱ ማዶ የሚወርደው ነፋስ በሰከንድ ከ110 ሜትር በላይ፣ ማለትም በሰዓት ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ወደ ስትራቶስፌር የሚገባው ውኃም በሰከንድ ከ7 ቶን ሊበልጥ ይችላል። መርካቶ በገባ አንድ መካከለኛ የጭነት መኪና የሚጫነውን ያህል ውኃ በየሰከንዱ እንደ ማለት ነው። በዚያ ከፍታ ዝናብ ስለሌለ የገባው ተን ቶሎ ታጥቦ አይወጣም፤ በዚህ ምክንያት ጉዳዩ የአየር ንብረት ለውጥ ተመራማሪዎችንም ያሳስባቸዋል። ለዕለት ተዕለት ኑሮ ግን ዋናው ቁም ነገር ሌላ ነው፦ ጭራው ከታየ ከሥሩ ያለው ደመና አየርን ወደ ላይ የሚወረውርበት ኃይል ከተራ ደመና የበለጠ ነው።

ባለሙያው ምስሉን የሚያነብበት መንገድ

ጭራው ለሳይንስ አዲስ ግኝት አይደለም። ትውልደ ጃፓናዊው ቴትሱያ ፉጂታ ከማዕበሎች በላይ በአውሮፕላን እየበረረ ከደመና አናት ወደ ላይ የሚዘሉ ስስ የበረዶ ደመናዎችን መመልከቱን ከአርባ ዓመት በፊት ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ ቼካዊው ማርቲን ሴትቫክና አሜሪካዊው ቻርለስ ዶስዌል ይኸው ነገር በሳተላይት ምስል ላይ እንደሚለይ አሳዩ።

የአየር ትንበያ ባለሙያው የሚጠቀመው በሁለት ዓይነት ምስል ነው። የመጀመሪያው በሚታይ ብርሃን የሚነሣው ነው። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ በተለይ ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ጉልላቱም ጭራውም በንጣፉ ላይ ጥላቸውን ይጥላሉ፤ ጥላው በረዘመ መጠን ከፍታቸው ይገመታል። የመርካቶ ሱቆች ለመዝጋት የሚዘጋጁበት ሰዓት ስለሆነ አጋጣሚው ጠቃሚ ነው። ሁለተኛው የሙቀት ጨረር የሚለካው የኢንፍራሬድ ምስል ሲሆን፣ ሌሊትም ይሠራል። በዚህ ምስል ላይ እጅግ ቀዝቃዛው ቦታ፣ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ሴልሺየስን ያለፈው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፍተኛው የደመና ክፍል ነው። ጭራው ግን ይህን ደንብ ይገለብጣል። ወደ ሞቃቱ ስትራቶስፌር የገባ በመሆኑ፣ ከንጣፉ በላይ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ ከንጣፉ የሞቀ ይመስላል። ልምድ የሌለው ተመልካች ሞቅ ያለውን ቦታ አይቶ ደመናው እየተዳከመ ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ እውነቱ ግን ከዚህ ፍጹም የተቃረነ ሊሆን ይችላል።

የናሳ ላንግሊ የምርምር ማዕከል ባልደረባ ክሪስቶፈር ቤድካና ሌሎች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ጥናት የምልክቱን ዋጋ በቁጥር አስቀምጧል። በአሜሪካ በተመዘገቡ ማዕበሎች ላይ በተደረገው በዚህ ጥናት፣ ጭራ ያላቸው ማዕበሎች ከሌላቸው ጋር ሲነጻጸሩ በአንድ ማዕበል የተመዘገበባቸው የከባድ አደጋ ሪፖርት ወደ 14 እጥፍ ነበር። ጭራውም ከአደጋው በአማካይ 31 ደቂቃ ቀድሞ ታይቷል።

እነዚህ ቁጥሮች እንዳሉ ለመርካቶ ሊወሰዱ አይገባም። የአሜሪካ ሜዳማ ግዛቶች ማዕበል አውሎ ነፋስና የእንቁላል ያህል የበረዶ ጠጠር የሚያወርድ ነው፤ በአዲስ አበባ ጉዳት የሚያደርሰው በአብዛኛው ጥቃቅን በረዶ የተቀላቀለበት ዶፍና እሱ የሚያስከትለው ጎርፍ ነው። የኢትዮጵያ የደመና ጣሪያም ከእነሱ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ደመናው ጥሶ ለመውጣት የበለጠ መውጣት ይኖርበታል። ጭራ ሳይኖረው ከባድ ዝናብ የሚያወርድ ደመናም አለ። ስለዚህ ጭራው ሲታይ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ አለመታየቱ ግን የደኅንነት ዋስትና አይሆንም።

ኢትዮጵያን የሚመለከቱት ሳተላይቶች

ኢትዮጵያ የራሷን ሳተላይት ወደ ህዋ ልካ ሳለ ለምን የሌላ ምስል እንደሚያስፈልጋት የሚጠይቁ ዜጎች አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ወደ ህዋ የተላከችው ኢቲአርኤስኤስ-1 የምድር ምልከታ ሳተላይት ናት፤ የተሠራችውም ለግብርና፣ ለአካባቢ ጥበቃና ለተፈጥሮ ሀብት ጥናት የሚሆን ምስል እንድታነሣ ነው። በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ከፍታ ምድርን የሚዞር እንዲህ ያለ ሳተላይት አንድን ቦታ የሚያየው አልፎ ሲሄድ ብቻ ነው። የነጎድጓድ ደመና ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ተወልዶ አድጎ ሊጠፋ ይችላል።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ከምድር ጋር እኩል እየዞረ አንድ ቦታ ላይ የቆመ የሚመስል ሳተላይት ነው። የአውሮፓ የሚቲዎሮሎጂ ሳተላይቶች ድርጅት የሆነው ዩሜትሳት የሚያንቀሳቅሳቸው የሜቲዮሳት ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይገኛሉ። ሜቲዮሳት-9 በ45.5 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ስላለች ኢትዮጵያን የምታየው ከራስጌ ሊባል በሚችል ሁኔታ ነው፤ በየ15 ደቂቃው አዲስ ምስል ትልካለች። ታኅሣሥ 4 ቀን 2015 ዓ.ም. የመጠቀችውና በ2017 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረችው ሜቲዮሳት-12 ደግሞ በየ10 ደቂቃው የጠራ ምስል የምታነሣ ከመሆኗም በላይ መብረቅን የሚከታተል መሣሪያ ይዛለች። የአፍሪካ ብሔራዊ የሚቲዎሮሎጂ ተቋማት ምስሎቹን የሚያገኙት ፑማ በተሰኘው ፕሮጀክትና እሱን በተከተሉት መርሐ ግብሮች በተተከሉ የመቀበያ ጣቢያዎች አማካይነት ነው።

ሜቲዮሳት-12 አንድ ችግር አለባት። የምትቆመው በዜሮ ዲግሪ ኬንትሮስ፣ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ በላይ ስለሆነ አዲስ አበባን የምታየው በአግድመት ነው። ረጅም ሕንፃን በሰያፍ የሚያይ ሰው ጣሪያው ከመሠረቱ ርቆ እንደሚታየው ሁሉ፣ በመርካቶ ላይ የቆመ 16 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ደመና አናቱ በካርታው ላይ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ ተገፍቶ፣ ወደ አያት አቅጣጫ ይታያል። ከሜቲዮሳት-9 ሲታይ ግን ስሕተቱ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ባለሙያ ይህን በስሌት ያርመዋል፤ ምስሉን ከስልኩ ላይ የሚያይ ነጋዴ ግን ደመናው አያት ነው ብሎ ተዘናግቶ ሊቀር ይችላል። በዚህ ላይ የሜቲዮሳት-9 የኢንፍራሬድ ምስል አንዷ ነጥብ ወርዷም ቁመቷም 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መርካቶና ፒያሳ አንድ ነጥብ ውስጥ ሊወድቁ ይችላሉ። ሸማ ተራ ይዘንባል፣ በርበሬ ተራ አይዘንብም ብሎ የሚናገር የሳተላይት ትንበያ የለም።

ሠላሳ አንዱ ደቂቃ የት ይሄዳል

በአሜሪካ የተገኘው 31 ደቂቃ ለመርካቶም ያገለግላል ብለን ለጊዜው እንውሰድ። ጭራው የተፈጠረው ሳተላይቷ ምስል አንሥታ እንደጨረሰች ከሆነ ቀጣዩ ምስል 15 ደቂቃ ይዘገያል። ምስሉ ደርሶ፣ ባለሙያው አይቶት፣ መልእክት ተጽፎ እስኪሠራጭ ሌላ 10 ደቂቃ ቢወስድ የሚቀረው 6 ደቂቃ ነው። ምስሉ በየ10 ደቂቃው ቢመጣ 11 ደቂቃ፣ አጋጣሚው ሠምሮ ጭራው ከቀጣዩ ምስል ቀደም ብሎ ቢወጣ ደግሞ እስከ 21 ደቂቃ ይገኛል።

በ6 ደቂቃ አንድ ባለሱቅ ምን ማድረግ ይችላል? ከሥር የተደረደረውን ጨርቅ፣ እህል ወይም ስኳር ወደ መደርደሪያ ማውጣት አይችልም። ብሬከሩን ማጥፋት፣ ደጅ ያለውን ዕቃ ሸራ ማልበስና ሠራተኞቹን ወደ ውስጥ ማስገባት ግን ይችላል። ከዚህ የሚበልጠው ሥራ ጠዋት በዕለቱ ትንበያ መሠረት መከናወን ያለበት ነው፦ ዕቃውን ከወለሉ ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ማስቀመጥ፣ ከሱቁ ፊት ያለውን ቱቦ ከፌስታልና ከካርቶን ማጽዳት፣ ሸራውንና ገመዱን በቅርብ ማኖር። የደመናው ምልክት የሚያስገኛት አጭር ጊዜ የምትጠቅመው ጠዋት ለተዘጋጀ ሰው ነው።

የቱቦው ጉዳይ ከበረዶ ጋር የተያያዘ ነው። በኢትዮጵያ ሰማይ የሙቀት መጠኑ ዜሮ ዲግሪ የሚሆንበት ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር ገደማ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 300 ሜትር በማይሞላ ከፍታ ላይ ባለችው ጎዴ የሚወርድ የበረዶ ጠጠር ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ በሞቃት አየር ውስጥ ስለሚወድቅ ብዙ ጊዜ ቀልጦ ዝናብ ይሆናል። ወደ መርካቶ የሚወርደው ግን የሚጓዘው የዚያን ግማሽ ያህል በመሆኑ ሳይቀልጥ ይደርሳል። መሬት ላይ ከቆሻሻ ጋር ተደባልቆ የቱቦውን አፍ ሲዘጋው ከኋላ የሚመጣው ውኃ መውጫ ያጣል። በረዶ ባልተቀላቀለበት ዝናብ ያልተጥለቀለቀ ሱቅ በረዶ በወረደበት ቀን የሚጥለቀለቀው በአብዛኛው ለዚህ ነው።

ሰማዩ በመርካቶ ላይ ጠራ ማለት ጎርፍ የለም ማለት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በድሬዳዋ የደረሰው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ሕይወት ሲቀጥፍ፣ ውኃው የመጣው ከከተማይቱ በላይ ባሉት ደጋማ ቦታዎች ላይ ከጣለው ዝናብ ነው። ሰዎች ተኝተው ሳለ የደረሰ በመሆኑ ጉዳቱ እጅግ የከፋ ሆነ። የመርካቶ ደረጃ ከዚያ የተለየ ቢሆንም አካሄዱ አንድ ነው፤ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ የወረደ ዝናብ ቁልቁል ወደ ከተማው ይመጣል። ሳተላይት ከታች ላለ ሰው የማይታየውን የላይኛውን አካባቢ ደመና፣ ሌሊትም ጭምር ማየቱ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው።

ጎርፍ በሚወርድበት ሰዓት ከቁርጭምጭሚት ብዙም ያላለፈ ፈጣን ውኃ አዋቂን ሊጥል፣ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ውኃ ደግሞ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል። ሸክም የተሸከመ ሰው ይበልጥ ለአደጋ የተጋለጠ ነው፤ ክዳኑ የተነሣ የቱቦ ጉድጓድ በደፈረሰ ውኃ ሥር አይታይም። ነጎድጓድ ከተሰማ መብረቅ ሊደርስበት በሚችል ርቀት ውስጥ ነን ማለት ስለሆነ፣ በብረት ምሰሶ ላይ በተወጠረ ሸራ ሥር ከመጠለል ወደ ሕንፃ መግባትና የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ መቆየት ይመከራል።

አገልግሎቱን ለማግኘት

የአየር ሁኔታ ትንበያና ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ተጠሪነቱ ለውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር የሆነው የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። የዕለት፣ የአሥር ቀን፣ የወርና የወቅት ትንበያዎች በኢንስቲትዩቱ ድረ ገጽና የማኅበራዊ መገናኛ ገጾች እንዲሁም በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይቀርባሉ። ለመርካቶ ነጋዴ ከሁሉ የሚጠቅመው የዕለቱ ትንበያ ሲሆን፣ ሱቅ ከመክፈት በፊት ቢታይ ይመረጣል። ምንጩ ያልታወቀ የሳተላይት ምስል ወይም የድምፅ መልእክት በስልክ ሲደርስ ከማሠራጨት በፊት ከኢንስቲትዩቱ ገጽ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

ለመድን ካሣ፣ ለግንባታ ወይም ለጥናት ያለፈ ቀን የዝናብ መረጃ የሚፈልግ ዜጋ ቀኑንና ቦታውን ጠቅሶ ለኢንስቲትዩቱ ማመልከት ይችላል። የሚሰጠው መረጃ ግን በአቅራቢያው ያለ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ የለካው ነው፤ በአንድ ሱቅ ላይ የወረደውን በረዶ አያረጋግጥም። ስለሆነም ንብረቱ የተጎዳበት ነጋዴ ውኃው የደረሰበትን ከፍታና የተበላሸውን ዕቃ፣ ሰዓቱን ጨምሮ፣ ከማጽዳቱ በፊት ፎቶግራፍ ማንሣት ይኖርበታል። በአዲስ አበባ በጎርፍ የተያዘ ሰው ወይም በኤሌክትሪክ ምክንያት የተነሣ እሳት ሲያጋጥም በ939 የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራርን ማግኘት ይቻላል።